ዝም ብለህ የጠጣኸው ጁስ

ሽፌዬ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሞላ። ይህን የምጽፍልህ ግቢው ውስጥ ቆሜ ነው። መቀመጥ አቅቶኛል፤ ሁለት መስመር እጽፍና ቧንቧው ጋ ሄጄ የታጠበውን ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ።

ቤታችን ያው እዚሁ የወደቡ ከተማ፣ ጋቦዴ ሰፈር ነው። ልጅህ ቤዛ በቁመት በልጣኛለች። ከጎረቤት ልጆች ጋር ፈረንሳይኛዋን ስታንበለብለው ብትሰማ ደስታህን አትችለውም ነበር። እኔም ሄሮን ሰፈር ያሉት ሴትዮ ቤት ማብሰሌን አልተውኩም። አርብ አርብ አርፋለሁ፤ አርብን ግን አልወደውም።

አርብ ለአገሩ ዕረፍት፣ ለእኛ ጾም ነበር። የጭነት መኪናህን ወደብ ወረፋ አስይዘህ፣ ከድሬዳዋ የገዛኸውን ማንጎና አቮካዶ በካርቶን ተሸክመህ ትመጣለህ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስም። ከዚያ ስፕሪስህን እሠራልሃለሁ፤ ከታች አቮካዶ፣ መሃል ፓፓያ፣ ከላይ ማንጎ። ፍራፍሬ ጤና ነው እያልኩ፣ ጾመኛም መንገደኛም ስለሆንክ ደግሞ አቅም ይስጥህ ብዬ ሦስት ማንኪያ ስኳር እጨምርበታለሁ። ብርጭቆውን በማንኪያ ጠርገህ ትመርቀኛለህ።

መንገድ ላይ አዙሮህ ወድቀህ ሐኪም ቤት ስትገባ ስኳር ነው ቢሉኝ፣ ድንገት የመጣ መስሎኝ ነበር። ከቀብርህ በኋላ ባልደረቦችህ ጃኬትህን አመጡልኝ። ከኪሱ መድኃኒትህና የሐኪም ወረቀት ወጣ፤ ወረቀቱ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እያወቅክ ጠጣህልኝ። አንድ ቀን ይቅርብኝ ብትለኝ ምን ነበረበት? ተናደድኩብህ፤ አሁንም እናደዳለሁ። የደበቅከኝ አንተ፣ ያቀበልኩህ እኔ፤ ጥፋቱን ግን ብቻዬን ታቅፌ ቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት እኔንም ሲያዞረኝ ተመረመርኩ። ስኳር አለብሽ ተባልኩ። ሐኪሟ ጁሱን ተዪው፣ ፍሬውን ራሱን በልኩ ብዪ አለችኝ። መድኃኒቴን ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ ቤት ስገባ ቤዛ ያንተን ስፕሪስ ሠርታ ጠበቀችኝ። ሦስቱም ቀለም አልተደባለቀም፤ ስኳሩም እንዳንተው ነው። እየሳቀች ፊቴን ታያለች። አንተ ከሞትክ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም። ጠጣሁት ሽፌ፤ በማንኪያ ጠርጌ ጠጣሁት። በማግስቱም እንዲሁ። አንተ የገባኸኝ ያኔ ነው።

ገባኸኝ እንጂ ልክ ነበርክ ማለቴ አይደለም። አንተ ለእኔ አዝነህ ዝም አልክ፣ እኔም ያላንተ ቀረሁ። እኔ ደግሞ ለእሷ አዝኜ ዝም ብል ማን ይቀራታል?

ዛሬ አርብ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ቤት ውስጥ ጁስ መፍጫው ይጮሃል። ያንተንም የእኔንም መድኃኒት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጥላታለሁ። ትደነግጣለች፣ ታለቅሳለች፣ አውቃለሁ። ስትረጋጋ ፓፓያውን አብረን ቆራርጠን ሎሚ እንጨምቅበታለን፤ ሳይፈጭ፣ ያለ ስኳር።

አንተን መርሳት አልችልም፤ አርብ በመጣ ቁጥር ስምህን ሳላነሳ ዘጠኝ ሰዓት አያልፍም። አባትሽ ስለወደደኝ ዝም አለ፣ እኔ ግን ስለምወድሽ እናገራለሁ እላታለሁ።

መፍጫው ዝም አለ። ስኳሩን ሳትጨምር ልድረስባት።

ያንተው ሚስት