የሻለቃ ሹራብ

ይድረስ ለምወድሽ ለባለቤቴ እህት፣ ለእታለም

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይጮሃል ወይስ ያ ቅባት አሳረፈው? ልጆቹስ? ትንሿ የወተት ጥርሷን ነቅላ ጨረሰች? እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ብቻ እጄን እስከ መስኮቱ ድረስ መዘርጋት ጀምሬያለሁ፤ ዓይኔ የራቀውን እንጂ የቀረበውን አላይ ብሏል። መነጽር ግዢ እንዳትዪኝ፣ ገዝቻለሁ። የት እንዳስቀመጥኩት ነው የጠፋኝ።

ባለፈው ስትደውዪ፣ ልትዘጊው ስትዪ፣ "የወንድሜ ሹራብ ደህና ነው? ብል እንዳይገባበት አደራ፤ ስመጣ ላየው እፈልጋለሁ" አልሽኝ። እኔም "ደህና ነው" ብዬ ቶሎ ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልወርድ ብሎኛል። እታለም፣ ሹራቡን ብል አልበላውም። የገጠመው ከብል የባሰ ነው፤ በስልክ ደግሞ አንደበቴ አልታዘዝ አለኝ። ወረቀቱ ፊቴን አያይብኝም ብዬ ይኸው ቁጭ አልኩ።

ነገሩ የሻለቃ ነው። ድመታችንን ታስታውሽዋለሽ፤ ግራጫው፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለው። ወንድምሽ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አንስቶ በኮቱ ኪስ ይዞት ሲመጣ አንቺም እዚህ ነበርሽ። ሳሎን ውስጥ ሲንጎራደድ አይቶ ሻለቃ ያለውም እሱ ነው። ጎረምሳ ሲሆን ሰፈሩን በጩኸት ሲያምስ፣ በየሰው በር እየሸና ሲያሰድበን፣ ሐኪም ዘንድ ወስዶ ያስኮላሸውም እሱ ነው። ያን ቀን ፊቱ ገርጥቶ የተመለሰው ድመቱ ሳይሆን ወንድምሽ ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ ይህን ፍጡር ቀና ብዬ የማየው በምን ዓይኔ ነው?" አለኝ። ሻለቃ ግን ቂም አልያዘም። ሰከነ፣ ወፈረ፣ ሶፋ ላይ ተንጋሎ መዋል ጀመረ። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ፣ ምላሷን ታውቂያታለሽ፣ "ጡረታ ወጣ" ትለው ነበር።

ወንድምሽ ካረፈ በኋላ አንቺ በእጅሽ የሠራሽለትን ቡናማ ሹራብ አጥፌ ቁም ሣጥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። አላጠብኩትም። ለምን እንዳላጠብኩት አንቺ አታጪውም። ሻለቃም መሳቢያው ፊት መተኛት ልማዱ ሆነ። ሦስት ዓመት እንዲሁ ከረምን፤ እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ፣ እሱ መሳቢያው ሥር።

እናልሽ ዘንድሮ ጡረተኛው ሥራ ጀመረ።

መሳቢያውን በጥፍሩ መክፈት ተማረ። ሹራቡን አንገትጌው ላይ ይነክስና በእግሮቹ መሃል እያስገባ፣ አንበሳ ግዳዩን እንደሚጎትት አድርጎ ከጓዳ ወደ ሳሎን ያመጣዋል። ዝም ብሎ ቢያመጣው ምን ነበር፤ ከሆዱ በሚወጣ የሰው በሚመስል ድምፅ እያላዘነ ነው። ምንጣፉ መሃል ሲደርስ ይወጣበትና በኋላ እግሮቹ መርገጥ ይጀምራል። መርገጥ ልበለው፤ አንቺ ባለትዳር ነሽ፣ የቀረውን ሙዪበት። የሚብሰው ደግሞ ሰው ከሌለ አያደርገውም። ዓይኑን እንግዳው ላይ ተክሎ ነው።

መጀመሪያ ማን ያየችው ይመስልሻል? የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት። ተማሪው ሁሉ የጫማዋን ድምፅ ሰምቶ የሚበተንላት ሴት ናት። ለአዳራሹ መጋረጃ ልታዘኝ መጥታ ጨርቅ እየመረጠች ሳለ ሰውዬው ሻለቃ ሹራቡን እየጎተተ ገባ። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ትንሽ አየችውና "ምን እያደረገ ነው?" አለችኝ። "ልብስ እያጠበ ነው" አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ እኔም አላውቅም። እሷም "በደንብ ነው የሚያሸው" አለችና ወደ ጨርቁ ተመለሰች። መጋረጃውንስ አዘዘችልኝ። ስትወጣ ግን ከኋላዋ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻታለሁ።

የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኩት። አሁን ያለችው ልጅ እግር ናት፣ እጇ ለስላሳ። ሻለቃ እንዳይሰማ ብዬ በጆሮዋ "ያኔ በደንብ ሳይቆረጥ ቀርቶ ይሆን?" አልኳት። ዳስሳ አየችና ምንም የቀረ የለውም አለችኝ። የተኮላሹት ድመቶችም አንዳንዶቹ ይህን ያደርጋሉ፤ ሁልጊዜ የዚያ ነገር አምሮት አይደለም፤ ሆድ ሲብሳቸው፣ የለመዱት ነገር ሲለወጥባቸው፣ አዲስ ሰው ቤት ሲገባ በዚህ ራሳቸውን ያጽናናሉ። አይቆጡት፣ አይሳቁበት፣ ያጫውቱት፣ አለችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሳችና "ቤት ውስጥ በቅርቡ የተለወጠ ነገር አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ምንም" አልኳት። ሻለቃ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቴ እንደ ካውያ ጋለ።

እዚህ ላይ ስለ አናጢው ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። ሱቃቸው ከገበያው ጀርባ ነው፤ ሚስታቸው ከሞተችባቸው የቆየ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። የወንበሩን እንጨት እሳቸው ይሠራሉ፣ የመቀመጫውን ትራስ እኔ እሰፋለሁ። ድሮ ልኩን በሰው ይልኩልኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ራሳቸው ይዘውት መምጣት ጀመሩ። አንዳንዴም ልኩን ይረሱትና በማግሥቱ ተመልሰው ይመጣሉ። አናጢ ልክ ሲረሳ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ወደ ሹራቡ ልመለስልሽ። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አወጣሁት፣ ሻለቃ ወጣ። ሻንጣ ውስጥ ቆለፍኩት፣ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሲጨንቀኝ የሰፊ ብልሃት መጣልኝ። ለሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያ ወንበሮች ትራስ እየሰፋሁ ነበርና፣ አንዱን ለራሴ ላስቀረው ብዬ ሹራቡን አጥፌ ከስፖንጁ ጋር ውስጡ ከተትኩትና ዙሪያውን ዘጋሁት። ጨርቁ አንድ ዓይነት፣ ስፌቱ አንድ ዓይነት። አናጢው ልጃገረድ እንዳየ ሰው አንገታቸውን ደፍተው መጥተው፣ ክምሩን ታቅፈው ሲሄዱ እኔም ደህና ይግቡ ብዬ በሩን ከፈትኩላቸው። ከሄዱ በኋላ ዞር ስል የኔ ትራስ የለችም።

የወንድምሽ ሹራብ ላይ የከተማው በሽተኛ ሁሉ ተራ በተራ ሲቀመጥበት ታየኝ። ጫማዬን እንደነገሩ አጥልቄ ልሮጥ ስል በሩ ተንኳኳ። እሳቸው ናቸው፣ አንድ ወንበር ከነትራሱ ተሸክመዋል። "ይቺኛዋ ትጎረብጣለች፤ የእርስዎ ሥራ እንዲህ ሆኖ አያውቅም" አሉና እንዴት እንደሚጎረብጥ ሊያሳዩኝ ሳሎኑ መሃል ተቀመጡበት።

አፌን ልከፍት ስል ሻለቃ ከጓዳ ወጣ። አፍንጫውን አነሳ። ቀጥ ብሎ መጥቶ በወንበሩ ጀርባ በኩል ተንጠለጠለና፣ እሳቸው ከተቀመጡበት ሥር የትራሷን ጫፍ ነክሶ መጎተት፣ ያንን ድምፁን ማሰማት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ውስጡ ሹራብ መኖሩን፣ የማን እንደነበረ፣ ማን እንደሠራው፣ ድመቱ ምን እንደሚያደርገው። እሳቸው እየሰሙ ቀስ ብለው ተነሱ። ወንበሩን ለቀቁለት። "ቀድሞ የነበረ ይቀመጥ፤ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ" አሉ። ለድመቱ ይሁን ለማን እንዳሉት አልጠየቅኩም።

ስፌቱን ይፍቱልኝ ብዬ መቀሱን ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ። "ይህ እኔ እጄን የማስገባበት አይደለም፣ እርስዎ ይፍቱት" አሉኝ። ፈታሁት። ሹራቡ ሲወጣ ሻለቃ አሸተተው፣ ፊቱን ቀበረበት። እንባዬ ሊመጣ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ እዚያው ወጥቶበት ጀመረ። እሳቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጀርባቸውን ሰጥተው መስኮቱን ማየት። ማጠፊያውን ነካ ነካ አደረጉ፣ እንጨቱን በጣታቸው ቆረቆሩ፣ ሻለቃ እስኪጨርስ ድረስ። ከዚያ ሳይዞሩ "ይህ መስኮት እየጠበቀ አልከፈት ብሎ አስቸግሮዎታል፤ ነገ መላጊያ ይዤ ልምጣ" አሉ። ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም መስኮቱን እንደያዙ ሳቁ። እታለም፣ በዚህ ቤት ሁለት ሰው አብሮ ሲስቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው።

በማግሥቱ መጣ። አንቱ አትበይኝ ካለኝ ቆይቷል፤ አንቺ ፊት ግን እስከዚህ ድረስ አልደፈርኩም ነበር። ከመስኮቱ በኋላ የጓዳው በር፣ ከበሩ በኋላ ጠረጴዛው። ጎረቤቴ በደረጃው ላይ አስቁማኝ "ቤትሽ ሁለት መስኮት ብቻ ነው ያለው፤ ይህ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚልገው ምንድን ነው?" አትለኝም? እኔም እንጨቱ ያረጀ ነው አልኳት። "እንጨቱ ነው ያረጀው?" ብላ እየሳቀች ወጣች።

ሻለቃም ቀስ በቀስ እየተረጋጋ ነው። ላባ በክር አስሬ አስሮጠዋለሁ፤ በዚያ ሆዱ ሲዘል ብታዪው። አናጢው ሲሠራ የሚያወልቀው የሥራ ካፖርት አለው፣ አሁን አሁን እሱ ላይ ይተኛል። መተኛት ብቻ። ሹራቡን የሚያስታውሰው አልፎ አልፎ፣ ያውም ትልቅ እንግዳ ሲመጣ፣ ለማዕረጉ ያህል ነው።

ሹራቡ ግን ተጎድቷል፣ አልደብቅሽም። አንገትጌው ተተርትሯል፤ የግራው እጅጌ ተስቦ ከቀኙ ረዝሟል። የአንቺን ቡናማ ክር በየሱቁ ብዞር አጣሁት። ደግሞም እኔ ጨርቅ እሰፋለሁ እንጂ ሹራብ አልችልበትም፤ አንቺ የሠራሽውን የምታድኚው አንቺ ነሽ። አይተሽው ለሻለቃ ይቅርለት ካልሽም ቃልሽ ነው። ከተቆጣሽም ተቆጪኝ፤ እዚሁ መጥተሽ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ተቆጪኝ።

ሰው ስለ ሹራብ እንዲህ አይርበተበትም ትዪኝ ይሆናል። እኔ የምፈራው የሹራቡን ነገር ብቻ አይደለም። ከወንድምሽ ቤት የቀረሽኝ አንቺ ነሽ፤ አንቺን እንዳላጣ ነው። ከበሩ ኋላ ያለችውን፣ ወንድምሽ ኮቱን የሚሰቅልባትን ሚስማር ታስታውሻታለሽ? እስከ ዛሬ ባዶዋን ናት። አናጢውን ካፖርትህን እዚያ ስቀል አልኩት። "እህቱ መጥታ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሳትቀመጥ እዚህች ሚስማር ላይ ምንም አልሰቅልም" አለኝ። ይኸው በየወንበሩ ጀርባ ያንጠለጥለዋል፣ ሻለቃ ደግሞ እየጎተተ ያወርደዋል። ጠረጴዛውን አስረዝሞታል። ያንቺ ቦታ በመስኮቱ በኩል ነው፣ ብርሃን ስለምትወጂ።

እንግዲህ የመጣልኝን ሁሉ ጽፌልሻለሁ። ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። ከዚህ በፊት ደብዳቤዬን "የወንድምሽ ሚስት" ብዬ ነበር የምዘጋው። ዛሬ፣ ከፈቀድሽልኝ፣ እንዲህ ልዝጋው፦

እህትሽ

ሳልረሳው፦ ስትመጪ ሻለቃ ፊትሽ ያንን ነገር ከጀመረ እንዳትደነግጪ። ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙሪና ትንሽ ጠብቂው። እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው። መስኮቱም አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል።