የተመደበልኝ ጠመንጃ

የካቲት 4/1976፣ እሁድ፣ ከሰዓት

ከ10 ሁለት። ሁለቱም ጥቁሩን ክብ አልነኩም፤ ወረቀቱን ብቻ ነው የበሱት። ስምንቱ የት እንደገቡ የአፈሩ ክምር ይወቅ። የቡድን ጓደኛዬ ዘይነባ ስድስት መታች፣ ያውም በማትወደው ጠመንጃ።

ደብተሬ፣ ደከመኝ። የደከመኝ ተኩሱ አይደለም። «ምን ሆነሽ ነው?» መባሉ ነው። ምን እንደሆንኩ ባውቅ እሆነው ነበር?

10 አለቃ ደጉ እንደ ልማዳቸው ከኋላዬ ቆሙ። የቀበሌያችን የዒላማ ቡድን አሠልጣኝ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ ቀኝ ጆሯቸው የማይሰማ። ግራ ዓይንሽን ጨፍኚ አሉኝ። ስጨፍን ዒላማው ይደበዝዛል። ስከፍት ሁለት ይሆናል። ይህን ልነግራቸው ስል ተኩሺ አሉኝ። ተኮስኩ።

በመሃል አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ በኩል እየተንቀባረረ መጣ። የእኔ ዒላማ ፊት ቆመ። ሐይቅ ዳር መለማመድ ትርፉ ይሄ ነው። ሁሉም ተኩስ አቆመ። አንዱ ድንጋይ ሊወረውር ሲል ዘይነባ ያዘችው።

«ተወው፣ ከስንዱ ዒላማ ፊት የቆመ ምንም አይነካውም» አለች።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ለማንም መልስ መስጠት አልፈለግሁም። እማዬ ራስሽን አሞሻል ወይ አለች። አዎ አልኳት፤ የሚያጥረው መልስ እሱ ነው።

የካቲት 5፣ ሰኞ

ሱቅ። የቁልፍ ቀዳዳ ስሠራ ዋልኩ። እማዬ ሸሚዙን ትሰፋለች፣ ቀዳዳው የእኔ ነው። አንዱም አልተበላሸም። እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኔም ደህና ነው። ታዲያ እሁድ እሁድ ማን ነው የሚመጣብኝ?

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳስብ ዋልኩ። የእኔ ነው። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ባለፈው ወር ለእኛ ለሴቶቹ ሁለት የአየር ጠመንጃ ደረሰን። አንዱ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሰደፉ ላይ ጉንጭ የሚያርፍበት ጉብታ ያለው። ሌላው አሮጌ፣ እንጨቱ የተሰነጠቀ፣ በብስክሌት ጎማ የተጠቀለለ። እያንዳንዳችሁ አንድ ትይዛላችሁ፣ እስከ ውድድሩም አይቀየርም ተባልን። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ጠመንጃ። የትኛውን እንደምፈልግ ደግሞ አውቅ ነበር። በዋዜማው ስናጸዳቸው፣ ሰዉ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ፣ አሮጌውን አንስቼ አንዴ ተኩሼበታለሁ። ጥቁሩ መሃል። ለማንም አልተናገርኩም።

ምደባው በስብሰባ ሆነ። የቀበሌው ሊ/መንበር፣ አዲሱ ጠመንጃ ለስንዱ ይሁን አሉ። ምክንያቱ፦ በውድድሩ መክፈቻ ሰልፍ ላይ ከፊት የምቆመው እኔ ነኝ፣ ቁመቴ ያምራል፣ አዲስ ጠመንጃ ደግሞ ፎቶ ላይ ይወጣል። አሮጌው ለዘይነባ። የሚደግፍ አሉ።

እጄን አወጣሁ።

ደብተሬ፣ በራሴ ላይ እጄን አወጣሁ። አዲሱን ለማግኘት የምትሞተው ዘይነባም አወጣች። ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» አለ። ይህችን ቃል ከቤቱ ጽፏት ነው የሚመጣው። አጠገቡ ስለተቀመጥኩ አይቻታለሁ፤ እኛ እጃችንን ሳናወጣ ቀለሟ ደርቋል።

የካቲት 8፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ዘይነባ የወንድሟን ሱሪ ልትወስድ መጣች። እማዬ ጓዳ እስክትገባ ጠብቄ ብንለዋወጥስ አልኳት። ደስ አላት። የዚያ አሮጌ ጠመንጃ ጎማ ጉንጬን ላጠው አለች። ግን እንዴት? ሰደፉ ላይ ስማችን በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ስም እያነበበ ነው የሚሰጠን። ውሳኔ በውሳኔ ካልሆነ አይነሳም። አንቺ ጠይቂ አልኳት።

«እኔማ ምላሰኛ ነሽ ተብዬ ሁለቴ ሂስ ወርዶብኛል። አንቺ ግን ተናግረሽ ስለማታውቂ ይደነግጡና ይሰሙሻል።»

እውነቷን ነው። ይህ ነው ይበልጥ የሚያናድደው።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

ደፍሬ 10 አለቃ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ተቀምጠው ጫማ ይጠርጋሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በአንድ ትንፋሽ፣ መሬት መሬት እያየሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሁድ አምስት ጥይት እጨምርልሻለሁ አሉኝ።

በቀኝ ጆሯቸው በኩል ነበር የቆምኩት።

አመሰግናለሁ ብዬ ተመለስኩ። አመሰግናለሁ!

የካቲት 11፣ እሁድ

ከ15 ምንም።

10 አለቃ ግራ ዓይኔ እየተከፈተ ስላስቸገራቸው በመሐረብ አሰሩት። የታሰረች ዶሮ መሰልኩ። ሊ/መንበሩም ለማየት የመጡት ዛሬን መርጠው ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስተው ገላበጡት። ቀዳዳ የለውም። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ረቡዕ ስብሰባ ላይ በሌላ ልጅ ስለመተካቷ አጀንዳ ይያዝ አሉ። ለእኔ አይደለም የነገሩት፣ ለጸሐፊው ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ።

ከሰባተኛ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ የራሴ ያልኩት ነገር ይሄ ብቻ ነው። ሱቁ የእማዬ ነው። ዒላማ ላይ ማንም አያናግረኝም። እንዲያውም ትንፋሽሽን ያዢ ነው የሚሉኝ። ትንፋሼን ይዤ መቀመጥ ደግሞ ዕድሜ ልኬን የሠራሁበት ነው። ይህን ከወሰዱብኝ ለእሁድ ምን ይቀረኛል?

የካቲት 13፣ ማክሰኞ

ዛሬ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ የጨርቅ መለኪያውን እንጨት እንደ ጠመንጃ ይዤ በሩን ሳነጣጥር ደንበኛ ገባ። ሱሪ የሚያሳጥሩ መምህር ናቸው። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ሱሪው ከደረሰ እጄን እሰጣለሁ አሉ። እማዬ እስኪያስላት ሳቀች። እኔ መሬት ብትውጠኝ።

ሲወጡ እማዬ ነገሩን አውጣጣችኝ። መሐረቡ ላይ ስደርስ ስፌቷን አቆመች። መርፌና ክር አቀበለችኝ፤ አስገቢ አለች። አስገባሁ።

«አሁን የቱን ጨፈንሽ?»

ቀኙን። ከልጅነትሽ ጀምሮ ክር ስታስገቢ ቀኝሽን ነው የምታጨናብሺው፣ ሰውየው ግራሽን አስሮ በምን እንድታዪ ፈልጎ ነው አለች። ከዚያ እንጨቱን አንስታ ግራ ትከሻዬ ላይ አደረገችው። ቁጭ አለ። በሩ አንድ በር ሆነ።

ያን ቀን አሮጌውን ስተኩስ በግራ ትከሻዬ ነበር ለካ! የሚያየኝ ስላልነበረ እጄ እንዳሻው አነሣው። አዲሱ ግን በግራ አይያዝም፤ ያ ጉብታ በዚያኛው በኩል ነው፣ ለሌላ ሰው ጉንጭ።

እማዬን ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም አልኳት።

«በሰው ልክ የተሰፋ ለብሰሽ ጠበበኝ ትያለሽ። ልክሽን ለማን ነገርሽ?»

ለማንም። እንግዲያው እንዴት ይወቁት ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች። ልከራከራት ፈልጌ ነበር። እንጨቱን ወደ ቦታው መለስኩት።

የካቲት 14፣ ረቡዕ፣ ከስብሰባ መልስ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን ይቅር በይኝ።

አጀንዳ ሦስት ነበርኩ። አንደኛው የውሃ ቦኖ፣ ሁለተኛው ዘመቻ ጽዳት። ሁለቱም በሙሉ ድምፅ። ከዚያ ስሜ ተጠራ። ጓድ ስንዱ በሌላ ትተካ የሚለውን የሚደግፍ? እጆች ወጡ። አታምኚኝም፣ የእኔም መነሣት ጀምሯል። በሌላኛው እጄ ይዤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ሊ/መንበሩ የሚቃወም ሲሉ ወረቀታቸውን እየገለበጡ ነው። ማንም ተቃውሞ ስለማያውቅ ቀና አይሉም። እጄን አወጣሁ። ጸሐፊው አየኝ። ክርናቸውን ነካ።

«ምን ነበር ጓድ ስንዱ? መውጣት ፈልገሽ ነው?»

«አይደለም። እቃወማለሁ።»

ድምፄ ያስጠላል። ቀጭን ነው። ቢሆንም ተናገርኩ፤ የማነጣጥረው በግራ ዓይኔ መሆኑን፣ አዲሱ ለቀኝ ትከሻ መሠራቱን፣ ለእኔ የሚሆነው አሮጌው መሆኑን። ሊ/መንበሩ ምደባውን አንቺም ደግፈሽ አልነበር ወይ አሉ።

«ደግፌ ነበር። ተሳስቻለሁ።»

ይህ ግለ ሂስ ነው፣ ይመዝገብ አሉ። 10 አለቃ ግን ተነሡ። ለምን አልነገርሽኝም? ነግሬዎታለሁ፣ በቀኝ ጆሮዎ አልኳቸው። አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸው ከሁሉ በላይ። ከዚያ እሁድ በአሮጌው አምስት ጥይት ይሰጣት፣ ሦስት ጥቁሩን ከመታች ትቆይ አሉ። ተስማሙ።

ጸሐፊው «በሙሉ»ን ሰረዘ። በምትኩ ምን እንደሚጻፍ አላወቀም። ጎረቤቱን ሲጠይቅ ሰማሁት።

የካቲት 18፣ እሁድ፣ ከሰዓት

ነገ ጾም ይገባል፣ እማዬ ሥጋ ልትገዛ ወጥታለች። ቤቱ የእኔ ነው። ቶሎ ልጻፈው።

ግራ ትከሻ። ጎማው ጉንጬን ይልጣል፤ ዘይነባ አልዋሸችም። የመጀመሪያው ጥቁሩን ዳሩ ላይ በሳው። ሁለተኛው ጥቁር። ሦስተኛው ሳተ። አራተኛው ሳተ፤ ሊ/መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እሱን ሰምቼ ነው። በአምስተኛው ትንፋሼን ያዝኩ፣ ምላጩን መሳብ ጀመርኩ።

አባ ኮዳው መጣ።

ያው ነው፣ አካሄዱን አውቀዋለሁ። ዒላማዬ ፊት ቆመ። አንዱ ተኩሺ፣ ምን ይሆናል አለ። አፈሙዙን ዝቅ አደረግሁ። ዘይነባ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ወፉ ሮጠች።

«ሂድ አንተ! ዛሬ ይነካሃል!»

ማንም አልሳቀም። እስክትመለስ ጠበቅሁ። ተኮስኩ። 10 አለቃ ወረቀቱን ሊያመጡ ሲሄዱ ጫማዬን ነበር የማየው። ጣታቸውን ጥቁሩ ውስጥ ባለው ሦስተኛ ቀዳዳ ላይ አድርገው አሳዩኝ።

እቆያለሁ። ሰደፉ ላይ ያለው ስም ግን አሁንም የዘይነባ ነው። ቅያሪውም ውሳኔ ይፈልጋል፣ ረቡዕ። ዘይነባ እኔ ልጠይቅልሽ አለች። አይሆንም አልኳት። አጀንዳውን እኔ አስይዛለሁ። የምቀመጠውም ከ10 አለቃ በግራ በኩል ነው።