ነጭና ግራጫ ረድፍ

ኅዳር 17፣ ጠዋት
ሙቀት። የመስኖ ማኅበሩ ኮምፒውተር እንደኔ ያቃስታል። በር ላይ የሚለጠፈውን የውሃ ተራ እያዘጋጀሁ ነው። ስሙ ብዙ፣ ዓይን ከረድፍ ረድፍ ይንሸራተታል። አንዱን ነጭ፣ ቀጣዩን ግራጫ ላድርግ አልኩ። ቀለሙን በአባልነት ቁጥር ሰጠሁ፤ ተጋማሹ ቁጥር ግራጫ፣ ሌላው ነጭ። ተበላሸ። የለቀቁ አባላት ቁጥር ሲዘለል ሁለት ግራጫ ተከታትሎ ወጣ።

ከሰዓት
ተስተካከለ። ስሞቹን በየተራ ከሚያወጣው ሉፕ በፊት ቆጣሪ ዜሮ ላይ አስቀመጥኩ። ከዳታቤዙ አንድ ስም በወጣ ቁጥር አንድ ይጨምራል። ለሁለት ተካፍሎ ቀሪ ከሌለው ነጭ፣ ካለው ግራጫ። ሊ/መንበሩ ጋሼ ደምሴ ሳያነቡ ፈረሙ። የሴት ጌጥ ነው አሉ። ዋጥኩት። ቃል የገቡልኝን ቋሚ የሥራ ቦታ ለወንድማቸው ልጅ ሲሰጡም ውጫለሁ።

ኅዳር 21
ጉድ ስሚ ደብተሬ። እትዬ ዘይነባ ዶማ ይዘው በጠራራ ፀሐይ ቦዩ ላይ ተገኙ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚደርሳቸው የሌሊት ውሃ ብቻ ነው። ውሃ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት መለሳቸው። ጽ/ቤት መጡ።
«ልጄ፣ እኔ ነጭ ነኝ አይደል? ነጭ ቀን፣ ግራጫ ሌሊት።»
አገሩ ሁሉ እንዲህ አንብቦታል! ወረቀቱ ተራ እንጂ ሰዓት አይልም። ሰዓቱን በቃል የሚያድሉት ጋሼ ደምሴ ናቸው። ቀኑ ለዘመድ፣ ሌሊቱ ለመበለት።
«ጅብ እያባረርኩ ሽንኩርት ሳጠጣ ማን አየኝ? አልሐምዱሊላህ፣ ኮምፒውተሩ አየኝ።»
ቀለሙ ለዓይን ብቻ መሆኑን ሳልነግራቸው ሸኘኋቸው።

ኅዳር 22
ጋሼ ደምሴ ጮኹብኝ። ገበሬ አሳስተሻል። ቀለሙን አጥፍቼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ እንድፈርም። ካልሆነ ዓርብ ቁልፍ ማስረከብ። የወንድማቸው ልጅ ይስቃል፤ የሜዳ አህያ አረባሽልን እቴ፣ አለኝ። ኮምፒውተሩን እንኳ የምከፍትለት እኔ ነኝ።
ከዚህ ብወጣ የት? ደብረ ሲና ሥራ የለም። ጀውሃ ሻይ ቤት ብርጭቆ ላጥብ፣ በዲግሪዬ? እናቴ ፈርሚና ተገላገይ ትላለች። እንቅልፍ የለም።

ዓርብ፣ ጠዋት
አልፈርምም።
ከዝርዝሩ አናት ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ ነጭ ቀን፣ ግራጫ ሌሊት። ለቀጣዩ ዙር ቆጣሪውን ከዜሮ ሳይሆን ከአንድ አስጀመርኩ። አሁን ነጭ የሆነ ያኔ ግራጫ፣ ግራጫ የሆነ ነጭ። እትዬ ዘይነባም አንድ ዙር ሌሊት ያጠጣሉ፣ ጋሼ ደምሴም። ሁለቱን ዙር አትሜ፣ የጋሼ ደምሴ ፊርማ ያለበትን የፊተኛውን ወረቀት ከጎናቸው አድርጌ በሩ ላይ ልለጥፍ ነው። ሳያነቡ የፈረሙትን ቆመው ያንብቡት።
ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትቻለሁ። ገበሬው በሩ ላይ ተሰብስቧል፣ የጋሼ ደምሴ ድምፅ ከግቢው ይሰማል። ማጣበቂያው የት ገባ?