የሪባንሽ ሙጫ

ሐርጌሳ፣ ኮድቡር

ውድ ልጄ ሐሴት፣

ይህን የምጽፍልሽ አባትሽ ደጅ ቀይዋ ኮሮላ ላይ ተደፍቶ ሲያሻሽ በመስኮት እያየሁት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቀና አላለም። ለምሳ ብጠራው «መጣሁ» አለኝ፤ የእሱን «መጣሁ» ታውቂዋለሽ። ሽሮው ሲቀዘቅዝ ከማይ ለልጄ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ናፍቆትሽ ዛሬ ብሶብኛል።

ዴቃ ልታገባ ነው። የጎረቤታችን የኻዲጃ ልጅ፣ ካንቺ ጋር ከአንድ ሳህን እየበላች ያደገችው ዴቃ። ሰርጓ የሐሙስ ሳምንት ነው። ኻዲጃ መጥታ አባትሽን «ተሻለ፣ ዴቃ ሐሴት በወጣችበት በቀይዋ መኪና ካልሆነ አልወጣም ብላለች» አለችው። በስደት ጅግጅጋ ሳለች የለመደችው አማርኛ ዛሬም አፏ ላይ አለ። አባትሽ እምቢ አላለም፤ እሺም አላለም። ወጥቶ ኮፋኖውን ሲያይ ቆየ።

ምክንያቱን አንቺ አታውቂም። የሰርግሽ ፕላስተር ሙጫ እስካሁን እዚያው ነበር።

ነጩን ሪባን ከዴቃ ጋር በኮፋኖው ላይ ስታወርዱ ክር ጠፍቶ በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር መለጠፋችሁን ታስታውሻለሽ? ሪባኑን ንፋስ ወሰደው። ፕላስተሩም በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ረገፈና ሙጫው ብቻ ቀረ፤ ቡናማ፣ አቧራ የጠጣ፣ እጅ የሚይዝ። አባትሽ መኪናዋን ሲያጥብ ያንን ቦታ ዳበስ አድርጎ ያልፈዋል። «ኧረ ቋቁቻ የወጣባት መሰለች እኮ!» ስለው «ጊዜ ሳገኝ» ይለኛል። ባለፈው ወር አራቱንም ጎማ በአዲስ ሲቀይር ግን ጊዜ ነበረው።

ልጄ፣ የጻፍሽልኝን አልረሳሁም። «አባዬ ወጃሌ ድንበር ላይ ፊቱን አዞረብኝ፤ ሳይመርቀኝ ሸኘኝ፤ ባሌን እንየውን ስላልወደደው ነው» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ እግርሽ ቀረ። ስትደውዪም እሱ «ድሬዳዋ ሞቀ ወይ?» ብሎ ስልኩን ለእኔ ይመልሰዋል፤ አንቺም ከዚያ በላይ አትጠይቂውም። ሁለታችሁም አንድ ናችሁ፤ መሀል ላይ የምቃጠለው እኔ ነኝ።

ያየሁትን ልንገርሽ። ቬሎሽን ሰብስበሽ፣ ጎንበስ ብለሽ በድንበሩ ገመድ ሥር ስታልፊ፣ ማዶ የእንየው ዘመዶች እልል ሲሉ፣ አባትሽ ወደ መኪናዋ ዞሮ ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ይጫን ነበር። ተነሥቶ መስሎኝ ጠጋ ብዬ አየሁ። ምንም የተነሣ ነገር አልነበረም። እንባው ኮፋኖው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በሰርግሽ ቀን ለቅሶ እንዳታዪ ብሎ ፊቱን ደበቀ እንጂ አላዞረብሽም። እንየውንም «ጨዋ ልጅ ነው» ብሎ ለሥራ ባልደረቦቹ ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለአንቺ መንገር ሲሆን ነው ምላሱ የሚታሰረው።

አገሩ እየተሠራ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ጣራ አልባ የነበሩት፣ አንቺና ዴቃ ድብብቆሽ የምትጫወቱባቸው ቤቶች ቆርቆሮ ለብሰዋል። አባትሽም ፎርማን ሆኖ መሐመድ ሞጌ ሰፈር የሰው ቤት ጣራ ሲያለብስ ይውላል። ማታ ሲገባ ግን የክፍልሽን በር ገፋ አድርጎ አይቶ ነው የሚቀመጠው። ምን እንደሚያይ አልጠይቀውም፤ እኔም ቀን ቀን አየዋለሁ።

ወደ ሙጫው ልመለስ። መጀመሪያ በጥፍሩ ሞከረ። ከዚያ አንድ ጋራዥ የሚሠራ ሰው የሰጠውን ቲነር በበሩ ታች ትንሽ ቢሞክረው ጨርቁ ቀላ፤ የለቀቀው ሙጫው ሳይሆን ቀለሙ ነው። ደንግጦ ጣሳውን ከደነው። ኻዲጃ ይህን ስታይ የሰሊጥ ዘይት ይዛ መጣች።

«ወላሂ፣ ዴቃ ፀጉሯ ላይ ማስቲካ ሲጣበቅባት በዚህ ነው ያወጣሁላት። ቀባውና ተወው፣ ዘይቱ ይሥራ። ከመኪና ጋር ምን ያጣላሃል?»

ሙቅ ውሃ የነካ ፎጣ አልብሶ ሙጫውን አሞቀው፤ ዘይቱን ቀብቶ ጠበቀ፤ አሁን በጨርቅ ቀስ እያለ ያሸዋል። እየተንከባለለ ይለቃል። ቆዪ፣ አባትሽ «ውሃ አቀብዪኝ» አለ።

መጣሁ። ብዕሩን ጥዬ የቆየሁት ወዲያው ስላልለቀቀኝ ነው። የለቀቀውን ሙጫ በጣቶቹ መሀል ይዞ ሲያየው ደረስኩ።

«ብርሃንነሽ፣ ይሄ እኮ የወጃሌ አቧራ ነው። የዚያን ቀን አቧራ» አለኝ።

ውሃውን አቀበልኩት።

«ልጄ ለዴቃ ሰርግ የምትመጣ ይመስልሻል?»

«ለምን ራስህ አትጠይቃትም?»

«እኔ?» አለና ጨርቁን አነሣ። አየሽ፣ ሐሴትዬ፤ ያን ሁሉ ሰው የሚያዝ ፎርማን ልጁን «ነይ» ማለት ፈራ።

በሳሙና አጥቦ ሲያደርቀው ሙጫው ሁሉ ለቋል። ፀሐይ የቀረውን ቀለም አደብዝዛው ኖሮ፣ ሪባንሽ የነበረበት ግን እንደ አዲስ ቀይ ሆኖ ግራና ቀኝ ወርዷል። ዴቃ መጥታ አየችው።

«አይጠፋም?»

«አይጠፋም» አላት አባትሽ።

«የኔንም እዚያው ላይ አድርጉልኝ። ሐሴት ናት የምታስርልኝ፣ ሌላ ሰው አልፈልግም።»

«በክር ከሆነ ይታሰራል። በመኪናዬ ላይ ሁለተኛ ፕላስተር አይለጠፍም!» ብሎ ተቆጣ፤ እኛም ሳቅንበት።

ነይ፣ ልጄ። እንየውንም ይዘሽው ነይ። ቤቱ ይበቃናል፤ አልጋሽንም ፀሐይ አስመትቼዋለሁ። እኔ አንቺን ማየት ብቻ ሳይሆን ድምፅሽን እዚህ ቤት ውስጥ መስማት አምሮኛል፤ ከአባትሽ ጋር ስትከራከሪ እንኳ ቢሆን። ይህን ደብዳቤ ነገ ማለዳ ወደ ድሬ የሚሄድ ሰው ያደርስልሻል። እመብርሃን በመንገድሽ ትቅደም።

ልዘጋው ስል አባትሽ እጁን እየጠረገ ገባ። ወረቀቱን እንዳላየ ሆኖ ውሃ ቀዳ።

«ማክሰኞ ወጃሌ እሄዳለሁ» አለኝ።

«ምን ልትሠራ?»

«ጎማ ልገዛ።»

«የት ነው የሚሸጠው?»

«ገመዱ አጠገብ። ከጠዋት እስኪመሽ እዚያው ነኝ» አለና ሽሮውን እንደቀዘቀዘ ይበላ ጀመር።

ጎማዎቹ አዲስ መሆናቸውን አላስታወስኩትም።

የምትናፍቅሽ እናትሽ፣
ብርሃንነሽ