ግራ የሌለው ቁም ሳጥን

ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ

ይድረስ ለወንድሜ ለሰላሁዲን

አሰላሙ አለይኩም። ስልክህ ላይ ብደውል ብደውል «ጥሪ አይቀበልም» እያለች ስታደርቀኝ ጊዜ፣ ይሄን ጽፌ ወደ አገር ቤት ለሚወርደው ለዛኪር ሰጠሁት። የእማ እግር እንዴት ሆነ? ወጌሻው ምን አለ? ለአረፋ ብለህ ሄደህ አስታማሚ ሆነህ ቀረህ አይደል! እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ እስከ ትናንት ደህና ነበርኩ። የሆነውን ስነግርህ ቁጭ በል፤ እኔ አሁንም ክው እንዳልኩ ነኝ።

አንተ ስትሄድ ሥራው እላዬ ላይ ተቆለለ። የቁም ሳጥኑን ቀኝ ጎን እኔ፣ ግራውን አንተ ነበር የምንሠራው፤ አሠሪያችን እትዬ ፍቅርአዲስም «ግራውን ለግራኙ» እያሉ ይቀልዱብህ ነበር። እኔ ግራውን ልብሳ ብል መሰርሰሪያው ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ቀዳዳው ሁሉ ተንሻፈፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እኔ ግን ሐምዱ ነኛ! ትምህርት ቢቀርብኝ ጭንቅላት አልቀረብኝም።

አንዱን ቁም ሳጥን ፈታታሁና መሬት ላይ ዘረጋሁት። እያንዳንዷን እንጨት እያነሳሁ «አንቺ ደሞ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት። መልስ የሌላትን አስወጣሁ። አናቱ ላይ ያለችው ጌጥ፣ ውጪ። ብሎኑ ሦስት ዓይነት ነበር፤ አንድ ዓይነት ምን አነሰው? ከዛ ወደ ጎኖቹ መጣሁ። ቀኝና ግራውን የሚለያቸው ቀዳዳው ብቻ ነው! የላዩ ቀዳዳ ከላይኛው ጫፍ የሚርቀውን ያህል የታችኛውም ከታችኛው ጫፍ እንዲርቅ አደረግኩት። ቀዳዳው የተለካባት አንድ ፎርማ ሠራሁ፤ ሳንቃው ላይ ታስቀምጣታለህ፣ በእሷ በኩል ትበሳለህ፣ አለቀ። ሳንቃውን ገልብጠህ ብታቆመው ቀኝ፣ መልሰህ ብትገለብጠው ግራ። ግራ የሚባል ነገር ከቤታችን ጠፋ! እስቲ ይሄን ያሰበ አናጢ መርካቶ ውስጥ ጥራልኝ።

ትናንት እትዬን ጠራኋቸው።

«እትዬ፣ ግራው የቱ ነው?»

«ይሄ ነዋ።»

ገለበጥኩት። «አሁንስ?»

«በአማኑኤል!» ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «አንተ ጉረኛ፣ ለካ ጭንቅላትም አለህ!»

ሰፈሩ ይስማ ብዬ ሳቅኩ። እሳቸው ቆም ብለው ሳንቃውን አዩ፣ ደግሞ ያንተን መቀመጫ አዩ። «እንግዲያ ግራኙ ምን ይሠራልኛል? ላክበት፣ እዛው እናታችሁ ጋ ይቅር» አሉ።

ሳላ ሙት፣ በሳቅ የተከፈተው አፌ ገና አልተዘጋም ነበር። ትርፍ እንጨት አስወጣለሁ ብዬ ወንድሜን አስወጣሁ? ግራን አጥፍቼ ግራ ገባኝ!

«እትዬ፣ ግራና ቀኝ አንድ ሆነ አላልኩም? እንግዲህ እሱን ካስወጡ ይገልብጡት፣ የወጣሁት እኔ ነኝ!» አልኳቸው።

«ምላሱ! ሁለቱንም ጎን ብቻህን ሠርተህ የለ? በል ብቻህን አቁመው፣ እንይህ።»

ቀላል መስሎኝ ገባሁበት። ቀኙን አቁሜ ግራውን ላነሳ ስዞር ቀኙ ከኋላዬ መጣ። እሱን ስመልስ ግራው ተዘረጋ። ለካ እንጨቱን ሁሉ «ምን ትሠሪያለሽ» ስል፣ ስናቆመው በዛኛው በኩል የሚይዘውን ያንተን ትከሻ አልጠየቅኩትም! ደግሜ ስሞክር ሳንቃው አናቴን አለኝ። (አትስጋ፣ የተሰነጠቀው ሳንቃው ነው።) ጋሪ ገፊዎቹ በር ላይ ተሰብስበው ያጨበጭባሉ።

እትዬ ሲስቁ ቆይተው «በል፣ መያዣ ሰው ያስፈልግሃል። ለመያዝ ደግሞ ግራኝ ቀኝ አይመረጥም፤ ከበረንዳው አንዱን አመጣልሃለሁ» አሉ። ይሄኛውስ ከፊተኛው ባሰ! ያንተ ቦታ ላይ ማንም ተነስቶ ሊቆም?

«ሰው አልፈልግም!» አልኩና ረጅም የሞራሌ እንጨት መዘዝኩ። አንዱን ጫፍ መሬት፣ ሌላውን ያንተ ጎን ላይ አስደግፌ ብሎኑን አጠበቅኩ። ቆመ። እትዬ ዞረው ዞረው አዩትና «እናታችሁ እስክትድን ይኸው ይያዝልህ፤ ከዛ ካልመጣ ግን አላውቅም» ብለው ሄዱ።

ስለዚህ አትቸኩል። እማን አንተ አቁማት፣ ቁም ሳጥኑን እኔ አቆማለሁ። እግሯ መሬት ሲረግጥ ግን እንዳታድር። ናፈቅኩት ብለህ እንዳትንጠባረር ደሞ! ያንተን ጎን በሞራሌ ደግፌዋለሁ። እንዳንተ አይነዘንዝም፣ ምሳዬንም አይሻማኝም። ቀኑን ሙሉ ዝም ነው። ዝም።

እማን አላህ በሁለት እግሯ አቁሞ ያሳየን፤ እጇን ሳምልኝ፣ ዱዓዋ አይለየን።

ወንድምህ ሐምዱ
ብትገለብጠኝም ያው ነኝ