የተረተርሽው እጅጌ

ቅዳሜ ጠዋት፣ በፍጻሜው ዋዜማ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለጉንዳኔ፤

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ይጠየቃል። እኔ ግን ዛሬ አልጠይቅሽም፤ ጤናሽን አይቼዋለሁ። ቀኝ እጅሽን አሞሻል።

ይህን የምጽፍልሽ ስፌት ቤት፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። የነገው ጨዋታ እስኪያልቅ ስልካችሁ እንደተሰበሰበ አሰልጣኝሽ ነግሮኛል። «የሚሏት ነገር ካለ ወረቀት ላይ ይጻፉትና ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። አትሜ በእጇ እሰጣታለሁ፤ አላነበውም» ብሎኛል። ቢያነበውም ግድ የለኝም። ከሱ የደበቅሁት ነገር የለም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ተናደሽ መሃል ላይ እንዳትጥዪው፣ እስከ ታች አንብቢው።

የሐሙሱን ግማሽ ፍጻሜ ያየሁት እታች ፀጉር አስተካካዩ ቤት ነው። ትልቁን ቴሌቪዥን ከመስታወቱ በላይ ሰቅሎታል። መቀመጫ ጠፍቶ ሰው በአንድ ወንበር ለሁለት ተቀምጧል። አንድ ሰውዬ ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቶ፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ያያል። «ኧረ ጨርስልኝ!» ቢለው፣ «ጉንዳን ምሽጉን ሳታፈርስ መቀስ አልነካም» አለው።

አጎትሽንማ ምኑን ልንገርሽ። ያ ኮምፒውተርሽን በመስኮት እወረውረዋለሁ ይል የነበረ ሰው፣ አሁን የቤቱ ሁሉ አስተማሪ ሆኗል። «አያችሁ፣ አምስት ለአምስት ነው። የወዲያኞቹን ምሽግ ቀድሞ ያፈረሰ ያሸንፋል። ማን ወዴት እንደሚሄድ የምታዘው የወንድሜ ልጅ ናት!»

«አንተ ደግሞ መቼ ገባህ?» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

«ደሜ ውስጥ ያለ ነገር ነው።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ጨዋታው አይገባኝም፤ ደንቡን ስንት ጊዜ አንብቤው እንኳ ዓይኔ ፊት ሲሆን ይጠፋብኛል። የሚንቦገቦገውን ሁሉ ትቼ የማየው ከታች በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ሳጥን ነው፤ የተጫዋቹን እጅ የምታሳየዋን። ግራ እጅሽ ኪቦርዱ ላይ፣ ቀኝ እጅሽ ማውሱ ላይ። ለእኔ የዓለም ሻምፒዮናው እሱ ነው።

እዚያ ላይ የጃኬትሽን እጅጌ አየሁት።

ቡድኑ ጃኬቱን ሲሰጥሽ እጅጌው ረዝሞ ማውሱን እየያዘ አስቸገረኝ ብለሽ ነበር። ሁለቱንም ወደ ውስጥ አጥፌ ከአንጓሽ በላይ አሳጠርኩልሽ። ጠርዙን በእጄ ነው የዘመዘምኩት፤ የመኪና ስፌት ቆዳሽን ይፍቀዋል ብዬ። ሐሙስ ዕለት ግራው እንደሰፋሁት ነበር። ቀኙ ግን እስከ መዳፍሽ ወርዷል። እጥፋቱ የነበረበት መስመር ጨርቁ ላይ ይታያል፤ አንዲት የክር ጫፍም ተንጠልጥላለች። ተርትረሽዋል።

አሳጥሪልኝ ብለሽ የጨቀጨቅሽኝን እጅጌ ዓለም በሚያይሽ ቀን መልሰሽ አወረድሽው። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ከሥሩ የሚሸፍነው ነገር ሲኖረው ነው። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ እሱኑ አረጋገጠልኝ። ማውሱን በአንጓሽ ሳይሆን ከክርንሽ ጀምረሽ ነበር የምትገፊው። ዙር ሲያልቅ ጓደኞችሽ እጃቸውን ሲያጋጩ አንቺ ቀኝሽን ጠረጴዛው ሥር ከተትሽው።

ስታሸንፉ ቤቱ ተናጋ። አጎትሽ እያለቀሰ አቀፈኝ። «ፍጻሜ ገባን እኮ! ምነው አንቺ ሴትዮ፣ ሰው የሞተብሽ መሰልሽ?» አለኝ። ደስታ ነው አልኩት።

በማግስቱ ስልክሽን ከማስረከብሽ በፊት የላክሽው መልእክት ደረሰኝ። «እማ፣ አሰልጣኙ ስለ እጄ ቢጠይቅሽ የልጅነት ነው፣ ከዛፍ ወድቃ ነው በዪው። ምንም አልሆንኩም። አደራ።» ከዛፍ! አንቺ እንኳን ዛፍ ላይ ልትወጪ፣ ከዚያ ወንበርሽ ላይ መነሳትም ሞት ነበር የሚመስልሽ።

ብዙም ሳይቆይ አሰልጣኝሽ ደወለ። አጎትሽ አጠገቤ ነበር፤ ለፍጻሜው ዘንጬ መታየት አለብኝ ብሎ ሱሪውን ሊያስጠብብ መጥቶ፣ ጎንና ጎኑን በስፒል አያይዤለት ቆሟል። እጄ ሥራ ላይ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁት።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «የልጅዎ አንጓ አብጧል። የቆየ ነው፣ እናቴን ጠይቃት አለችኝ። የቆየ ከሆነ ሐኪማችን መርፌ ትወጋትና ትጫወታለች። አዲስ ከሆነ ግን መርፌው ሕመሙን ነው የሚያጠፋው፤ ጅማቱ ቢበጠስ እንኳ አይሰማትም። እጇ ደግሞ የዕድሜ ልኳ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?»

አጎትሽ ስልኩን እንዳይነጥቀኝ ያገደው ስፒሉ ብቻ ነው። ፊት ለፊቴ ቆሞ ሁለት እጁን አጋጥሞ ለመነኝ። «የቆየ ነው በዪ» ይላል ከንፈሩ፣ ያለ ድምፅ።

ልጄ፣ ስልክ ደውሎ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ አሰልጣኝሽ የመጀመሪያው አይደለም። የአባትሽ ፎርማንም ጠይቆኝ ነበር። «ክሬን ላይ የሚወጣ ሰው ነው፤ ራሱን ያዞረዋል የሚሉኝ እውነት ነው ወይ?» አለኝ። አባትሽም እንዲሁ ከፊቴ ቆሞ ነበር። ወንድማማቾች ሲለምኑ ፊታቸው አንድ ነው። ያን ጊዜ ፈጥኜ መለስኩ።

ትንሽ ሳለሽ «አባዬ ከመውደቁ በፊት አሞት ነበር?» እያልሽ ትጠይቂኝ ነበር። «ማንም አያውቅም ነበር» እልሻለሁ፣ ፊቴን ወደ ስፌቱ አዙሬ።

በዚህኛው ጊዜ ዘገየሁ። አሰልጣኝሽ «እናቴ፣ አሉ?» እስኪል ድረስ።

«አዲስ ነው» አልኩት። «ከዛፍ አልወደቀችም። ከዚህ ስትነሳ እጇ ደህና ነበር።»

«ይህን ባልሰማ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። «ግን እግዜር ይስጥልኝ።» ዛሬ ማታ ሐኪሟ በመሣሪያ እንደምታይሽና የመጨረሻው ቃል የሷ እንደሆነ ነገረኝ። ተጠባባቂዋ ልጅ ጨዋታው ሳይጀመር ካልተመዘገበች በመሃል መግባት እንደማትችልም ሊነግረኝ ጀመረ። «አውቃለሁ» አልኩት። ስለ ጨዋታሽ ያላነበብኩት ነገር የለም። ፊደል የለየሁት የልብስ ልክ ከምንቆርጥበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ወሬው ብብት ጋ ሲደርስ ይቆረጥብኝና ቀሪውን ፍለጋ ሌላውን እጅጌ አነሳ ነበር። ያንን ደንብ ግን ምንም ሳይቆረጥ ነው ያነበብኩት። አሁን ቢጎድልልኝ እወድ ነበር።

ስልኩ እንደተዘጋ አጎትሽ ፈነዳ። «የዓለም ዋንጫ በአፍሽ ጣልሽ! ልጅቷ ዕድሜዋን የለፋችበትን! አንድ ቀን በመርፌ ብትጫወት ምን ትሆናለች?»

«አላውቅም» አልኩት።

«ሳታውቂ ነው እንዲህ የተናገርሽው?»

«ስለማላውቅ ነው የተናገርኩት።»

ሱሪውን ከነስፒሉ እንዳደረገ ጥሎኝ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ስፒሉ በየእርምጃው እየወጋው ሲራገም ይሰማኝ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን አንቺን ጠርቼ አብረን እንስቅ ነበር።

ይህን ወረቀት ሐኪሟ አይታሽ ከወጣች በኋላ ነው የሚሰጥሽ። ስለዚህ አንቺ አሁን የምታውቂውን እኔ አላውቀውም። ትጫወቺ እንደሆን ወይ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ትቀመጪ እንደሆን ሳላውቅ ነው የምጽፈው፤ ከትናንት ወዲህ ስንት ቁልፍ ያለ ቦታው ተከልኩ መሰለሽ፣ ደንበኛዬ ሸሚዟን መልሳ አመጣችው።

አደራሽን በልቻለሁ። ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ነገም ተደውሎ ብጠየቅ መልሴ ያው ነው። ያጠፋሁብሽን ግን አላሳንሰውም። ከሰፈር ኢንተርኔት ቤት ተነስተሽ፣ ሴት አናሰልፍም ካሉ ቡድኖች ደጅ እየተመለስሽ፣ አራት ሰው በድምፅሽ የሚሄድልሽ ሆነሻል። ይህ ዕድል ሌላ ጊዜ ይመጣል ብዬ አላታልልሽም። ላይመጣ ይችላል።

ሐኪሟ ትችያለሽ ካለችሽ ተጫወቺ፤ እኔን ለማናደድም ቢሆን አሸንፊ። አትችዪም ካለችሽ ግን ለተጠባባቂዋ ልጅ የምታውቂውን ሁሉ ስጫት። ዛሬ ከአንቺ ይልቅ የምትንቀጠቀጠው እሷ ናት። አንቺ እጅሽ ነው የታመመው፤ አፍሽ ደህና ነው።

እኔ ነገ ፀጉር አስተካካዩ ቤት እሄዳለሁ። አጎትሽ አጠገቤ አይቀመጥ ይሆናል። ትንሿን ሳጥን አያለሁ። እጆቹ ያንቺ ከሆኑ ገና ሲዘረጉ አውቃቸዋለሁ። የሌላ ሰው ከሆኑም ተነስቼ አልወጣም፤ አንቺ የትኛው ጥግ እንደተቀመጥሽ እያሰብኩ እስከ መጨረሻው አብሬሽ እቀመጣለሁ።

ልታኮርፊኝ ትችያለሽ። አንድ ጊዜ የነከስሽውን እንደማትለቂ አውቃለሁ፤ አባትሽ ጉንዳን ብሎ ያወጣልሽ ለዚሁ ነው። አኩርፈሽም ቢሆን ግን ወደ ቤት ነዪ። ያን የልጅነት ጥያቄሽንም ደግመሽ ጠይቂኝ። በዚህ ጊዜ ፊቴን አላዞርም፣ ፈጥኜም አልመልስልሽም።

ጃኬቱንም ይዘሽው ነዪ፤ ቀኙን እጅጌ ሌላ ሰው እንዳይሰፋው። ያንኑ ክር አስቀምጬልሻለሁ።

ፈጣሪ እጅሽን ከነጅማቱ፣ ልብሽን ከነኩርፊያው ይጠብቅልኝ። በየትኛውም ወንበር ብትቀመጪ በሰላም ያስነሳሽ።

አደራሽን የበላችው
እናትሽ