ከምሰሶው ሥር የረገፈው ዱቄት

ላሊበላ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ከዩኒቨርሲቲ ለጥናት የመጣን ሦስት ሰዎች እትዬ ዘነቡ ቤት ተከራይተናል። ታደሰ የአብያተ ክርስቲያናቱን ድንጋይ ይመረምራል፤ ግርማ ገበሬው ጤና ጣቢያ የማይሄድበትን ምክንያት ለመንግሥት ዕቅድ ያጠናል፤ እኔ ባህልና ልማድ እመዘግባለሁ።

ታደሰ በካህናቱ ፈቃድ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ሥር የረገፈውን የድንጋይ ዱቄት በጨርቅ ቋጥሮ መስኮቱ ላይ አኑሮት ነበር። እትዬ ዘነቡ ለበሽተኛ የሚሰጠው እምነት መስሏቸው፣ ትኩሳት ለጸናባት ልጃቸው በውኃ በጥብጠው አጠጧት። ከዚያ ወዲያ ጤና ጣቢያ አልወስዳትም አሉ። ልጅቱ ግን እንደ እሳት ትፋጃለች።

ታደሰ ናሙናዬ ጠፋ ብሎ ተቆጣ። ግርማ፣ "አንቺን ያምኑሻል፤ ተራ ድንጋይ ነው በያቸው" አለኝ። ተራ ድንጋይ ማለቱ ድፍረት፣ ዝም ማለቱም ማታለል ሆነብኝ።

"እትዬ፣ ከምሰሶው ሥር የተጠረገ ነው። ቄስ አልባረከውም" አልኳቸው።

"እዚያ ከወደቀ ወዲያ ማን ይባርከው? ምን ያለችው ናት! ትምህርቱ አዞረሽ እንዴ?"

"እንግዲያው ጠጥታዋለች። ጤና ጣቢያ ብትሄድ ምን ይጎድልበታል?"

ልጃቸውን አዩና፣ "አንቺ ካዘልሻት ይሁን" አሉ።

አዝዬ ወሰድኳት። መርፌ ተወግታ ተመልሳለች፤ ትኩሳቱ ግን እስካሁን አልበረደም።

ታደሰ ስለ ድንጋዩ፣ ግርማ ስለ ጤና ጣቢያው፣ እኔ ስለ ልማዱ እንጽፋለን። ከሦስቱ በአንዱም የልጅቱ ስም የሚገባበት ቦታ አላገኘሁም።

ትርንጎ ትባላለች።